የከበሮው ሌላኛው ፊት

አውቶቡሱ ባሕር ዳር ወዳለችው መንደር ወደ ሽራኢሶ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲይዝ አስጎብኚዋ ሆኖካ ማይክሮፎኗን አንስታ ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረች።

"ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ዛሬ የምናየው የበጋ በዓል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። የአምላክ ማደሪያ የሆነው ሚኮሺ በአርባ ጎልማሶች ትከሻ ባሕር ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ታላቁ ከበሮ አንዲት ቅጽበት እንኳ አያቋርጥም። ይህን ከበሮ ደግሞ ከጥንት እስከ ዛሬ ከወንድ በቀር የነካው የለም።"

"ውሸት ነው" አለች ሺኖ።

ቀስ ብላ አልነበረም የተናገረችው። ሠላሳው ጡረተኛ ሁሉ ዞሮ አያት። ሆኖካ ደንግጣ፣ "ይቅርታ እማማ፣ ምን አሉኝ?" አለች።

"ውሸት ነው አልኩሽ ልጄ። አንቺ ምን አደረግሽ፣ ወረቀቱ ነው የሚዋሸው።"

አጠገቧ የተቀመጠችው ሚትሱዮ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። "አንቺ ምን ነካሽ? ልጅቷ ሥራዋን ትሥራ እንጂ!"

ሺኖ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን የገፋችው ከባሕር ርቆ ባለ ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነው። ሚትሱዮ ጎረቤቷ ከሆነች ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም የት ተወለድሽ ስትላት "ወደ ባሕሩ ዳር" ከማለት ሌላ ነግራት አታውቅም። ሚትሱዮ የጉዞውን ማስታወቂያ ይዛ ስትመጣ ሺኖ ሁለት ጊዜ አልሄድም ብላለች። በሦስተኛው እሺ አለች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አልገባትም ነበር። አሁን ግን ገብቷታል።

የሽራኢሶ ከበሮ መቺ የነበረው አባቷ ሪሄይ ነው። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ክረምት ክረምት መረብ በሚከማችበት ቤት ውስጥ እሷን ያስተምራት ነበር፤ ለጨዋታ ነው እያለ። አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት በጋ፣ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የጀልባ ገመድ የእጁን አንጓ ሰበረው። ለማንም አልተናገረም። በበዓሉ ቀን ማለዳ የራሱን ሰማያዊ ካባ አለበሳት፣ ፊቷን በፎጣ ጠቀለለው፣ "እጅሽን ብቻ ነው የሚያዩት" አላት። መታች። ያን ቀን ማታ አገሩ ሁሉ ሪሄይን፣ "ዘንድሮስ እንደ ጎረምሳ ነው የመታኸው!" እያለ ትከሻውን ሲመታው አመሸ።

ግን ወሬ አይደበቅም። መኸር ላይ ሽማግሌዎቹ ጠሩት። ቤተ መቅደሱ ፊት ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ "ልጄ ደፍራኝ ነው፤ እኔ አላወቅሁም" አለ። ሺኖ ከኋላው ቆማ ሰማችው። ሳምንት ሳይሞላ ባቡር ተሳፍራ ሄደች። የተመለሰችው ለአባቷ ቀብር ብቻ ነው።

ሽራኢሶ ሲደርሱ ሙቀቱ ያቃጥላል። ስኩዊድ የሚሉት የባሕር እንስሳ ጥብስ ሽታ ወደቡን ሞልቶታል። ጎብኚዎቹን በገመድ ከታጠረው ወዲህ አስቀምጠው የምሳ ሣጥን አደሏቸው። ከገመዱ ወዲያ፣ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ፣ ከበሮው በጎኑ ተቀምጧል፤ ቁመቱ ሰው ያህላል፤ በሁለት በኩል ቆዳ አለው። የበዓሉ አለቃ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ ይጮኻል። ሺኖ ፊቱን ሳታይ በድምፁ አወቀችው። እሷ ከበሮውን በመታችበት ዓመት ሚኮሺውን ከተሸከሙት አንዱ የነበረው ቶኩጂ ነው።

የምሳ ሣጥኑን ለሚትሱዮ አቀበለቻትና በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች።

"እሜቴ! ጎብኚ ከገመዱ ወዲያ ነው!" አለ ቶኩጂ።

"ጎብኚ አይደለሁም። የሪሄይ ልጅ ነኝ።"

ቶኩጂ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገ። "ሺኖ? አንቺ... በሕይወት አለሽ እንዴ?"

"አለሁ። ያን ዓመት ሚኮሺውን ተሸክመህ ባሕር የገባኸው በማን ምት ነበር?"

"ያለፈ ነገር አታንሺ።"

"መች አለፈ? ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሲነበብልኝ ነው የመጣሁት። ሴት ነክታው አታውቅም ይላል።"

"ደንቡ ነዋ! ሴት አትነካውም።"

"ነካሁት እኮ። ምን ሆነ? ዓሣው ጠፋ? ባሕሩ ደረቀ?"

መድረኩ አጠገብ ስኩዊድ የምትጠብሰው ሴትዮ ሳቋን መያዝ አቃታት። የቶኩጂ ጆሮ ቀላ። "ሂጂ ተቀመጪ፣ ሥራ አለብኝ" ብሏት ወደ ባሕሩ ዞረ፤ ሚኮሺው ውኃው አፍ ላይ ደርሶ ነበርና።

ከበሮው ተጀመረ። መቺው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው የሰፋ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሸካሚዎቹ እየጮኹ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ሺኖ መድረኩ ጫፍ ላይ የተቀመጡትን ትርፍ መምቻዎች አየች። ደረጃው ሦስት ብቻ ነው። ወጣች፣ በከበሮው ማዶ ዞረች፣ መታች።

የመጀመሪያዎቹ ምቶች ተሰናክለው ወጡ። መቺው በከበሮው ጎን አሻግሮ አያት፤ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁ ግን አላቆመም። ሊያቆም አይችልም። ቶኩጂ እየሮጠ መጣ።

"አውርዷት! ኧረ አውርዷት!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። መድረኩ ጠባብ ነው፤ እሷን መጎተት መቺውን መግፋት ነው። ሚኮሺው ውኃ ውስጥ እያለ ከበሮው ቢቋረጥ ደግሞ የሚመጣውን መዓት ለቶኩጂ የሚነግረው አያስፈልግም። መድረኩ ሥር ቆሞ ዓይኑን ሚኮሺው ላይ ተከለ።

በአሥረኛው ምት ክንዷ አስታወሰ። ሰውየው ሲያነሳ እሷ ታሳርፋለች፤ እሱ ሲያሳርፍ እሷ ታነሳለች። ዘንድሮ ማዕበሉ ከባድ ስለነበር ሸካሚዎቹ ቶሎ አልወጡም። ትከሻዋ ይነድዳል፣ መዳፏ ተልጧል። ልተወው ስትል የአባቷ ግንባር መሬት ላይ ታያት። ደፍራኝ ነው ያለው ድምፁ መጣባት። አዎ፣ ደፍሬያለሁ፣ አለች በልቧ፤ አንተም ማለት የነበረብህ ይህንኑ ነበር። እና መታች።

ከገመዱ ወዲህ ሚትሱዮ ሁለት የምሳ ሣጥን ታቅፋ፣ "በርቺ ሺኖ! በርቺ እቴ!" እያለች ትጮኻለች። ሠላሳው ሁሉ ተነሥቷል። ሆኖካ "እባካችሁ ተቀመጡ" ማለቷን ትታ ታጨበጭባለች።

ሚኮሺው ደረቅ መሬት ሲረግጥ ከበሮው ቆመ። ሺኖ መምቻዎቹን ቦታቸው መለሰች። ዓሣ አጥማጁ ላቡን እየጠረገ፣ "እማማ፣ በግራ እጅዎ ትንሽ ይቸኩላሉ" አላት።

"አባቴም ይለኝ ነበር" አለች።

ቶኩጂ ጨው አስመጣ። በእፍኝ እየዘገነ ከበሮው ላይ፣ መድረኩ ላይ፣ የረገጠችው ደረጃ ላይ በተነ፤ በእነሱ ደንብ ሴት የነካው በጨው መንጻት አለበት። ሺኖ ታች ቆማ እስኪጨርስ አየችው።

"በደንብ በትነው፣ ቶኩጂ። ለከርሞም የሚበቃ ግዛ።"

አውቶቡስ ውስጥ ሚትሱዮ የሺኖን መዳፍ በመሐረብ እየጠቀለለች ወቀሳዋን አልተወችም። "ሠላሳ ዓመት! የባሌን ማንኮራፋት ሳይቀር ነግሬሽ፣ አንቺ ይህን ደብቀሽ!"

የጉዞ ድርጅቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ላከ፤ ከእንግዲህ ሺኖን በጉዞዎቹ እንደማያስተናግድ በትሕትና አስታወቀ። ሚትሱዮ አንብባ፣ "አውቶቡስ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው?" አለችና ስልኳን አነሳች። የሽራኢሶ ሽማግሌዎችም ስብሰባ ተቀምጠው ደንቡ እንዳለ ይቆያል ብለው ወሰኑ።

የካቲት ላይ የሺኖ ስልክ ጮኸ። ቁጥሯን ከሆኖካ ያገኘችው ስኩዊድ ጠባሿ ናት።

"እትዬ፣ ክንድዎ እንዴት ነው? እኛ ሴቶቹ እኮ ከበሮ መለማመድ ጀምረናል። በአሮጌ ጎማ ላይ ነው የምንመታው።"

"ስንት ናችሁ?"

"ሰባት። የቶኩጂ ምራት አለችበት።"

"ጎማ አንጓ ይሰብራል" አለች ሺኖ። "አትቸኩሉ። ቅዳሜ የመጀመሪያው ባቡር ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?"