ካፒቴኑን ማዳን

ሞንሰፍ አንድን ጌም ሁለት ጊዜ የሚጫወት ሰው ሲያይ ያዝንለታል። በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ዓለም እንዲህ ሰፊ ሆና ሳለ የታየን መልሶ ማየት አይገባውም። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ይገዛል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይነካካውና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሚስቱ ሃይፋ ግን ሆስፒታል ራጅ ስታነሳ ውላ ስትገባ የምትከፍተው ያችኑ አንዲት አሮጌ ጌም ነው። ጌሟ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ይጠበቃል፣ ወይራ ይተከላል፣ ዓሣ ይጠመዳል። ትጨርሳትና እንደገና ከሀ ትጀምራለች።

"ዛሬም እዚያው ደሴት?" ይላታል።

"ዛሬም።"

"ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ ነው?"

"ስለሌለ ነው የምወዳት።"

በጸደይ ሞንሰፍን የትምህርት ቤቱ ደረጃ አዳለጠውና እግሩ ተሰበረ። ጀሶ አስረው ቤት ተቀመጥ አሉት። ለሰው አልተናገረም እንጂ ደስ ብሎታል፤ ያልነካቸው ጌሞች ሁሉ እየጠበቁት ነው። ባለሰይፉን ጀመረ፤ ሰይፉ እንዴት እንደሚመዘዝ ሳይማር ሰለቸው። ወደ ጠፈር የሚያስኬደውን ከፈተ፤ መንኮራኩሩ ሳይነሳ ዘጋው። ኋላ ኋላ ረፋዱን የሚፈጀው በመምረጥ ብቻ ሆነ፤ ጨርቅ ቤት ገብቶ ጣቃውን ሁሉ አስዘርግቶ ሳይገዛ እንደሚወጣ ሰው። በመጨረሻም ሃይፋ ሥራ በሄደችበት፣ ለማላገጥ ያህል፣ ደሴቲቱን ከፈተ።

ደሴቲቱ ላይ አንድ ሪዛም ካፒቴን አለ። አንድ ዓሣ እንኳ ሲይዝ አይታይም፤ መረብ እንዴት እንደሚጣል ግን ለሁሉም ያስረዳል። ሞንሰፍ ገና ሲያየው ወደደው። ማዕበል ሲነሳ የካፒቴኑ ታንኳ ይገለበጣል። ያለው ገመድ አንድ ነው፤ ወይ ለካፒቴኑ ይወረወራል፣ ወይ የተጫዋቹ ጀልባ ይታሰርበታል። ሞንሰፍ ከመወርወሩ በፊት ሃይፋ ምን አድርጋ ይሆን ብሎ የጨረሰቻቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ከፍቶ አየ። በሁሉም ጀልባዋ አለች። በሁሉም ካፒቴኑ የለም።

ሃይፋ ዳቦ ይዛ ስትገባ ሰላም እንኳ አላላትም።

"ካፒቴኑን አንድ ቀን እንኳ አላዳንሽውም።"

"እ፣ እሱን?" ጫማዋን አወለቀች። "ጀልባዋ ታስፈልገኛለች።"

"ሰው እኮ ነው።"

"ወሬ ያበዛል።"

ሞንሰፍ የራሱን ሪዝ ዳበሰ። ለእራት የቀረበለትን ዓሣም እንደነገሩ ቀማመሰ።

በማግስቱ ካፒቴኑን አዳነው። ጀልባዋ ሰጠመች፤ ካፒቴኑ ግን እፎይ ብሎ የመብራቱ ማማ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በሩ ላይ ቆሞ ስለ ነፋስ ያስረዳል። ስለ ሰርዲን ያስረዳል። መብራቱ የተለኮሰበት መንገድ ስህተት መሆኑን ያስረዳል። ማቋረጥ አይቻልም። ተናግሮ ሲያበቃ ጀንበር ትጠልቃለች፤ ወይራው ውኃ ሳያገኝ ደረቀ። ሞንሰፍ አያያዙን አላወቅሁበት ይሆናል ብሎ እንደገና ጀመረና አሁንም አዳነው። አሁንም ወይራው ደረቀ። በሦስተኛው ጨዋታ ካፒቴኑ እየሰጠመ እንኳ ገመድ እንዴት እንደሚወረወር ማስተማር ያዘ። ሞንሰፍ ትንሽ አሰበና በገመዱ ጀልባዋን አሰረ።

"ካፒቴኑስ?" አለች ሃይፋ ማምሻውን ስትገባ።

"ባሕሩ በላው።"

"አላህ ይዘንለት።"

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለው ነበር።

ጀሶው ተፈትቶ ወደ ማስተማሩ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ እሑድ ሃይፋ ስትጫወት ሻይ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ማዕበሉ ተነሳ። ሃይፋ ገመዱን አነሳችና ለካፒቴኑ ወረወረችለት።

"ምን እያደረግሽ ነው? ይቆጭሻል። ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳሽ ነው የሚኖረው።"

"ይሁና" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "ለምጄዋለሁ።"

ሞንሰፍ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠና ገመዱ በየት በኩል ቢሳብ እንደሚሻል ያስረዳት ጀመር።