የመኪያ ጣት

ባሌ ወልደጻድቅ የ1976ን ክረምት ሙሉ ስለ አንዲት ሴት ጣት ሲያወራኝ ከረመ።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ወርክሾፕ መሐንዲስ ነው። ከውጭ መጽሔት ላይ ያየውን ይዞ፣ የአሮጌ ቴሌቪዥን መስታወት ላይ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ለጥፎ፣ ቁልፍ ሳይጫኑ በጣት ሲነኩት የሚበራ ስክሪን ይሠራል። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንዲያደርስ ታዟል። ጥሩ፣ ይሥራ! ግን ኮተቤ ቤታችን ገብቶ ራቱን እየበላ፣ «የመኪያ ጣት እኮ ልዩ ነው፤ ገና ስታሳርፈው ይበራል» ይለኛል። መኪያ የቢሯቸው ታይፒስት ናት። ስለ እኔ ጣት ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ቅናቱ ሲበላኝ ከረመና አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወርክሾፑ ሄድኩ። መኪያ ከጎኑ ቆማለች። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። እጇ ለስላሳ፣ ወዝ ያለው። የእኔ እጅ ጆንያ ፋብሪካ ቃጫ ሲጎትት እየዋለ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ እርስዎም ይሞክሩት እንጂ» አለችኝ። እትዬ ማለቷ ራሱ አበሸቀኝ።

ጣቴን አሳረፍኩ። ምንም። ጫን አደረግሁት። ምንም። መኪያ ነካችው፤ ቦግ አለ። እንባዬ መጣ። ባሌ የሠራው መስታወት እሷን አውቆ እኔን ካላወቀ፣ እኔ ምኑ ነኝ?

ወልደጻድቅ ግን በደስታ ሊዘል ደረሰ። «ይኼን ነበር የምፈልገው! መስታወቱ ደረቅ እጅን አይሰማም ማለት ነው። በዓሉ ላይ የሚነካው እኮ ሠራተኛና ገበሬ ነው!»

ደረቅ እጅ! መስታወቱን ልሰብረው ቃጣኝ።

«እኔን እስኪሰማኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አልኩት።

ካቻቢቴውን አንስቶ ከጀርባው ያለውን ማስተካከያ ትንሽ ትንሽ ያዞር ጀመር፤ እኔም እነካለሁ። በመጨረሻ በራ። መኪያን ቀና ብዬ እያየኋት ደግሜ ነካሁት።

«እሰይ!» ብላ እሷም ልትሞክር እጇን ዘረጋች። ጣቷ ሳይደርስ፣ ገና አየር ላይ እያለ፣ ቦግ አለላት።

«አሁንስ በዛ» አለ ወልደጻድቅ። «ትንሽ ልቀንሰው?»

«ከቀነስከው እኔን ይሰማኛል?»

«አይሰማሽም።»

«እንግዲያ ተወው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው እያየ፣ እጄን ያዘኝ። አላስለቀቅሁትም። ግን አልጨበጥኩትም።