የአትጠገብ አጋዘን

የጋሽ በዛብህን ጎሽ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ጎሹ ከአባያ ማዶ ባለው ቆላ የወደቀው ጋሽ በዛብህ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ከአጎታቸው ጋር አደን ወርደው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዲላ ውስጥ በስንቱ ሰርግ፣ በስንቱ ክርስትና፣ በስንቱ የዕድር ድንኳን እንደገና ተነስቶ እንደገና ወድቋል። ጋሽ በዛብህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ" ሲሉ የሰፈር ልጆች ቀድመው ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የጥይቱ ጩኸት ነዋ! ጎረቤታቸው ጸጉር አስተካካዩ ጴጥሮስማ ታሪኩን ከባለቤቱ እኩል ስለሚያውቀው፣ አንዳንዴ ዘለል ሲያደርጉ "ጋሼ፣ አጎትዎ ጉድጓድ የገቡበትን ረሱት" እያለ ይመልሳቸዋል። ጋሽ በዛብህም አይቆጡም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያላቸው ሀብት ይኼው ነው፤ በሰፈሩ አዳኝ ከተባለ እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ግን አትጠገብ አደን ሄደች።

አትጠገብ ከመናኸሪያው በታች ምግብ ቤት ያላት፣ ቆጮና ጎመኗን ከይርጋጨፌ የሚመጣ ሹፌር ሳይቀር መኪናውን አቁሞ የሚበላላት ሴት ናት። የአክስቷ ልጅ ባሌ ውስጥ ፈረንጆችን አደን ለሚያስወጣ ድርጅት ይነዳል። የካምፑ ወጥ ሠሪ የአደኑ ወራት ሊጀምር ሲል ታመመና የአክስቷ ልጅ ደወለላት፤ እሷም ቤቷን ለእህቷ አደራ ብላ፣ ሁለት ጋቢ ደርባ ሄደች። ስትመለስ ጉንጯን ብርድ አቃጥሎት፣ ድምፅዋ ሻክሮ፣ ወሬዋ ግን እንደ ጎርፍ ሆኖ ነበር። ያን ሰሞን ከገበያም ከቢሮም የሚመለሰው ሰው ሁሉ እግሩ እሷ ጋ ይወስደው ጀመር።

ጋሽ በዛብህ በረንዳቸው ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

"ምነው፣ ጎሹ ታመመ እንዴ? ሰሞኑን ድምፁ ጠፋ" አሏቸው ባለቤታቸው እትዬ ጽጌማርያም፣ ከጓዳ ብቅ ብለው።

"የዛሬ ሰው ጆሮ የለውም።"

"ጆሮስ አለው። አትጠገብ ቤት ሄዶ ነው እንጂ።"

"ወጥ ሠሪ ስለ አደን ምን ታውቃለች? ድስት ስታማስል ውላ!"

"እንግዲያስ ሄደህ ስማትና ፍረዳ። እዚህ ተቀምጠህ ሰማዩን ከምትቆጣው።"

ጋሽ በዛብህ ያን ቀን እንቢ አሉ፣ በማግስቱም እንቢ አሉ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ዝናቡ አባራ ሲል ካፖርታቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እትዬ ጽጌማርያምን አስከትለው ወረዱ። በልባቸው ያሰቡትን ለሚስታቸውም አልነገሩም። አዳኝ ብቻ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ፤ እነሱን ይጠይቃሉ፤ ልጅቱ ትደናገራለች፤ ሰውም ወደ ቀድሞው ቦታው ይመለሳል።

ምግብ ቤቱ እሁድ ለገበያ ዝግ ቢሆንም አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። አትጠገብ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ ታዞራለች። ጋሽ በዛብህን ስታይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ብድግ አለች።

"ውይ ጋሼ! እርስዎ ባሉበት እኔ ስለ አደን ላወራ ነው? ኧረ አፍራለሁ።"

"አውሪ፣ አውሪ። እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት" አሉና ጴጥሮስ በለቀቀላቸው ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተደላደሉ።

አትጠገብ መቼም መናገር ትችላለች። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጽድ ዛፎቹ መሀል እየተጎተተ ወደ ካምፑ ሲገባ ድንኳን ከድንኳን እንደማይተያይ፣ ውሃው ባልዲ ውስጥ በረዶ እየሠራ በዘነዘና ትሰብረው እንደነበር ነገረቻቸው። አዳኙ ሸምገል ያለ፣ ቀይ ፊት፣ ጨዋ ፈረንጅ ነው፤ ሁሉም "ሚስተር" ይለዋል። የተፈቀደለት አንድ ያረጀ ወንድ የደጋ አጋዘን ብቻ ነው፤ ሴት ቢያይ አይተኩስም፣ ወጣት ቢያይ አይተኩስም። ዱካ ከሚያነቡት የባሌ ልጆች ጋር ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ ተራራውን ቧጥጦ፣ ማታ ባዶውን ይመለሳል።

"አንድ ጠዋት እንግዲህ" አለች አትጠገብ፣ "እነሱ ተራራ ላይ ናቸው። እኔ ውሃ ልቀዳ ከማድቤቱ አጠገብ ወዳለው ወንዝ ወረድኩ። ቀና ብል ከማዶ ቆሟል! ወንድ፣ ሽማግሌ፣ ቀንዱ እንዲህ ተጠማዞ ሽቅብ የወጣ። እኔም እንደ ምሰሶ ደርቄ ቀረሁ። አየኝ፤ አየሁት። ውሃውን ጠጣና እንደ ንጉሥ ቀስ ብሎ ሄደ። እነሚስተር ሲደርሱ ዱካው ብቻ ቀርቷል።"

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። አንዲት ሴት "ጌታ ይባረክ!" አለች። ጋሽ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ነፋሱ ከየት ወዴት ነበር?"

አትጠገብ ዓይኗን አርገበገበች። "ነፋሱ... ከሱ ወደ እኔ።"

"መልካም። የማድቤትሽ ጭስስ?"

"ጭሱ?"

"ማድቤቱ ወንዙ አጠገብ ነው ብለሽ የለ? እሳት ደግሞ ሳይነድ አይዋልም። አጋዘን እኮ ልጄ፣ የጭስ ሽታ አፍንጫው ከደረሰ ቆሞ አያይሽም፤ ጀርባውን ነው የምታዪው።"

አትጠገብ ማንቆርቆሪያዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች። እትዬ ጽጌማርያም ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም ቢያደርጓቸውም ጋሽ በዛብህ ሙቀት ገብቷቸዋል።

ይህን ጊዜ ነው በሩ ላይ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ የተሸከመ ረጅም ሰው መልሶ የጀመረው ዝናብ ከላዩ እየተንጠባጠበ ብቅ ያለው። አትጠገብ ከካምፑ ያልተጫኑላትን ድስቶች ይዞ ይመጣል ብላ የነገረቻቸው ዱካ አንባቢው ኡስማን ነው። ከሻሸመኔ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ መንገድ ዳር መውረዱ ነው።

"አዴ!" አላት በባሌ አክብሮት፣ 'እትዬ' እንደ ማለት፣ ማዳበሪያውን እያወረደ። "ድስትሽን አመጣሁ። አንድም አልጎደለ።"

ሰላምታው ካለቀ፣ ፎጣና ሻይ ከተሰጠው በኋላ ጋሽ በዛብህ ወደ እሱ ዞሩ።

"እንኳን መጣህ የኔ ልጅ። አንተ በቦታው ነበርክ። ይቺ እህታችን አጋዘኑን ያየችው ወንዝ ዳር ነው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን ሄደ ትላለች። እውነት ነው?"

"ወንዝ ዳር?" አለ ኡስማን። ከዚያ አትጠገብን አየና ሻዩ ትን አለው። አትጠገብ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ራሷን እየነቀነቀች ብትለምነውም ሰውየው ሳቁን መያዝ አልቻለም።

"ወንዝ የት አለ! ማድቤት ውስጥ እኮ ነው የገባው!"

"ማን?"

"አጋዘኑ ነዋ!"

ኡስማን ተነስቶ፣ እጁን ቀንድ አድርጎ፣ እየተንቀሳቀሰ ነገራቸው። ካምፑ ዕቃ የሚያጓጉዝበት አንድ ቡላ ፈረስ ነበረው፤ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ከጀርባ እየመጣ የአትጠገብን ጎመን የሚበላ ሌባ። ያን ቀን ጠዋት ጭጋጉ እጅ እንኳ አያሳይም። እሳቱም በእርጥብ እንጨት አልያዝ ብሏት ገና ጭስ አልወጣም። አትጠገብ ዱቄት ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ አንድ ትልቅ ቂጥ ከማድቤቱ ድንኳን ወጥቶ ቆሟል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ጎመኑ ይኮረሸማል።

"እሱም..." አለ ኡስማን ሴቱንም ወንዱንም 'እሱ' በሚል አማርኛው፣ አትጠገብን እያሳየ፣ "እሱም ጭልፋውን አነሳና ቂጡን ጧ! 'ውጣ አንተ ሌባ! ዛሬስ አለቅህም!' ጧ!"

ምግብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጴጥሮስ አግዳሚው ላይ ተደፋ።

"ከዚያ ጭንቅላቱን አወጣ። ቀንዱ ድንኳኑን ይዞት ወጣ! አዴ ቀንዱን ሲያይ ጮኸ። አጋዘኑም ከአዴ በላይ ደነገጠ። እኛ ደግሞ ከተራራው በዚያው መንገድ እየወረድን ነው፤ ሚስተር ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ተቀምጦ አንዱን ጫማ አውልቋል፤ ጠመንጃው ከረጢቱ ውስጥ ነው። ስንት ቀን የፈለግነው አውሬ የጎመን ቅጠል ከአፉ ተንጠልጥሎ በፊታችን አለፈ። ዝም ብለን አየነው! ከኋላው አዴ ጭልፋ ይዞ፣ 'ይቅርታ! ፈረስ መስሎኝ ነው!' እያለ ይሮጣል።"

እትዬ ጽጌማርያም እንባቸውን በመቀነታቸው ይጠርጋሉ። "ለማን ነው ይቅርታው? ለአጋዘኑ ነው?"

"እኛም አላወቅን!"

ሁሉም ሲስቅ ጋሽ በዛብህ አትጠገብን አዩዋት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ግን መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አይለይም። ይህን ነበር የፈለጉት። ከበረንዳቸው እስከዚህ ድረስ ያመጣቸው ይኸው ነበር። አሁን ሲያገኙት ግን አፋቸው ውስጥ ጣዕም አጣባቸው። አውሬ ፊት ቆሞ መደንገጥን እሳቸው ያውቁታል። ይቺ ሴት ደግሞ ቀንዳም አውሬ በክንዷ ርዝመት አግኝታ፣ በገዛ እጇ መትታው ቆማለች። እሳቸው ጎሹን የመቱት ከሩቅ፣ ከዛፍ ላይ ሆነው ነው።

"ተቆጣሽ ሚስተሩ?" አሏት ቀስ ብለው።

"ፈራሁ እንጂ አልተቆጣም ጋሼ" አለች ከነጠላው ውስጥ። "ከሥራ የሚያስወጡኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ሰውየው ባሕር ተሻግሮ የመጣለትን አውሬ እኔ በጭልፋ ላባርርበት! እንዴት ብዬ ላውራው? ወጥ ሠሪ ብሎ ማን ይቀጥረኛል ከእንግዲህ?"

"ሚስተር እኮ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ!" አለ ኡስማን። "ከዚያ ወዲያ ሳይተኩስ ነው የሄደው። 'የዘንድሮው አደኔ ይበቃኛል' አለ። ጭልፋውን ይዞ ፎቶ ተነሳ። 'ለከርሞ እመጣለሁ፤ ይቺ ሴትዮ ካለች ግን አጋዘኖቹን ከእሷ አርቃችሁ ጠብቁልኝ' ብሏል።"

ጋሽ በዛብህ ከወንበራቸው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡ። እትዬ ጽጌማርያም "ምን ሊሆን ነው?" ሳይሉ ሰውየው ከጠረጴዛው ላይ ረጅሙን ጭልፋ አንስተው እንደ ጦር ወዘወዙትና መሀል ገቡ።

"ዘራፍ!" አሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ግን የመናኸሪያውን ረዳቶች ሳይቀር አስቆመ። "ዘራፍ የአትጠገብ ወንድም!

ፈረንጅ በመነጽር ፈልጎ ቢያጣው፣
የኛ ልጅ በጭልፋ ከጓዳ አስወጣው!"

ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ጴጥሮስ "ይደገም!" አለ፤ ተደገመ። ኡስማን ግጥሙን በደንብ እስኪይዝ ሦስተኛ አስባላቸው፤ ባሌ ወስዶ ለጓደኞቹ ሊላቸው ነው። አትጠገብ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች፤ እንባ ያራሰው ጉንጯ በሳቅ አብጦ ነበር።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ እንዲህ ይሞገሳል?"

"ጎሽ የገደለ ብዙ አለ። አጋዘን በቂጡ የገረፈ ግን አንቺን ብቻ ነው የማውቀው። ከእንግዲህ ወንዝ ምናምን እንዳትዪ፤ እንደሆነው ተናገሪው። ደግሞ ስትናገሪ ጎመኑ ሲኮረሸም እዚያ ላይ ቆም በዪ። ሰው ይጠብቅ። ወዲያው አትምቺው።"

"እንዴት?"

"እንዲህ" አሉና አሳዩዋት። ደግማ ሞከረችው፤ አንዴ ቸኮለች፤ አረሟት። ሦስተኛው ላይ ጭልፋው ሳያርፍ ከጥግ የተቀመጡት ሁሉ ጆሯቸውን ያዙ።

ሻዩ ሁለተኛ ተፈላ። ጋሽ በዛብህ ኡስማንን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ዱካ፣ ስለ ነፋስ፣ አጋዘን ሲያረጅ ለምን ከመንጋ እንደሚለይ ሲጠይቁት አመሹ። ለዘመናት የሚጠይቃቸው እንጂ እሳቸው የሚጠይቁት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"ለከርሞ ለአንድ ሽማግሌ ቦታ አይጠፋም?"

"ምን ይሠራል ጋሼ? ተራራው ከባድ ነው።"

"ተራራ ማን ወጣ! ማድቤት ነው የምለው። ድንች እልጣለሁ።"

እትዬ ጽጌማርያም ሰምተው ኖሮ ከወዲያ ጮኹ። "ድንች! ስንት ዘመን አብረን ስንኖር አንዲት ሽንኩርት ልጦልኝ አያውቅም!"

"ያስተምሩት ይሆናል" አለ ጴጥሮስ።

ሰኞ ጠዋት የቁርስ ሰው ሳይበረክት ጋሽ በዛብህ አትጠገብ ምግብ ቤት ደረሱ። ካፖርታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ሽርጥ ለምነው፣ ከባልዲው አጠገብ ተቀመጡ። አትጠገብ ቢላ ሰጠቻቸው። የመጀመሪያዋ ድንች ከእጃቸው ስትወጣ የለውዝ ፍሬ አክላ ነበር።

"ጋሼ፣ ልጣጩ ውስጥ እኮ ነው ድንቹ የቀረው!" አለች እየሳቀች፣ ሌላ እያቀበለቻቸው። "ቢላውን አስተኙት። ቀስ ብለው። ማንም አያሳድድዎትም።"