በስሟ የተላከው ኢሜይል

«ስምሽ እኮ ነው ያለበት! ‹ተፈትሿል፤ ጣቢታ ሳህሉ› ይላል። ምኑን ነው የፈተሽሽው?»

በስልክ የምትጮኸው ሊዲያ ናት፤ ሙዱላ ውስጥ በአንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ነርስ ነች። የክሊኒኩን የሕሙማን ካርድ የሚይዘውን ፕሮግራም የሠራችው ደግሞ ጣቢታ ናት። ጣቢታ ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ከባጃጅ ሹፌር ጋር እየተከራከረች ነበር። ከአዲሎ፣ ከአጎቷ ለቅሶ መመለሷ ነው። ለቅሶው ላይ ዘግታው የሰነበተችውን ስልክ የከፈተችው ገና መንገድ ላይ ነው።

«ምን ሆነ ሊዲያ? ረጋ ብለሽ ንገሪኝ።»

«ሐዳሳ የሚባሉ ሁለት ሕፃናት አሉን፤ የአባታቸውም ስም አንድ ነው። አዲሱ ፕሮግራማችሁ ካርዳቸውን አንድ አደረገው። አንዷ ፔኒሲሊን የማይስማማት ልጅ ነች፤ ማስጠንቀቂያውን ዋጠው! እናትየው ‹ይሄ መርፌ ለልጄ ክልክል ነው› ብላ ባትጮህ ወግቻት ነበር። በገዛ እጄ፣ ጣቢታ!»

ጣቢታ «ለጊዜው በወረቀት ሥሩ» ብላ ብቻ ዘጋችው። የምትሠራበትን ቢሮ ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

አሠራሩን የዘረጋችው ራሷ ናት፤ ትኮራበትም ነበር። አዲስ ኮድ ሲገባ ሰርቨሩ ራሱ ፕሮግራሙን ይገነባል፣ ራሱ ይፈትሻል፣ ውጤቱን ኤክሴል ላይ ያሰፍራል፣ «ተፈትሿል» ከሚል ኢሜይል ጋር በስሟ ለደንበኞቹ ሁሉ ይልካል። ድሮ ቢሮውን ሁሉ ሲያንከራትት የሚውል ሥራ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ሆን ብላ አስቁማዋለች፤ ፕሮግራሙ ፈተናውን ከወደቀ፣ ወይም እሷ በስልኳ «ይለፍ» ካላለች ምንም ነገር አይወጣም።

ኮምፒውተሯን ከፍታ አየች። ማቆሚያው የለም። ፕሮግራሙ ፈተናውን መውደቁ በቀይ ተጽፏል። ኢሜይሉ ግን በስሟ ሄዷል።

«ማነው የነካው?»

አጠገቧ የሚሠራው ፕሮግራመር ቸኮል ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ጋሽ ሀብተሚካኤል አዘውኝ ነው» አለ።

የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ሀብተሚካኤል ድምጿን ሰምተው ከውስጥ ወጡ። «ጣቢታዬ! መጣሽ? እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«በስሜ ምንድነው የላኩት?»

«እህ፣ እሱን ነው? ታዲያ ምን ላድርግ? ደንበኛው ይጨቀጭቀኛል፤ አንቺ ለቅሶ ላይ ነሽ። ሐዘን የተቀመጠ ሰው በሥራ ይረበሻል እንዴ? ነውር አይደለም? ላንቺው ብዬ ነው ማቆሚያውን ያስነሳሁት።»

ለእሷ ብለው! ደሟ ፈላ። ይህ ሰው አዲሎ ድረስ መጥቷል። ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ንፍሮውን እየዘገነ፣ የማያውቀውን ሟች ደግነት ሲያወራላት ውሏል። በልቧ አንቱታውን ገፈፈችው፤ አፏ ግን ለምዶበት እርስዎ ማለቱን አልተወም።

«አጠገቤ ተቀምጠው አልነበር? አንዲት ቃል አይተነፍሱም?»

«በለቅሶ ላይ የሥራ ወሬ ይወራል?»

«ስሜን ግን ሸጡት! እኔ እዚያ አጎቴን እያለቀስኩ ሙዱላ ላይ የሰው ልጅ ልገድል ነበር፣ ጋሽ!»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሷ ስም ግን እሷ በቁሟ እያለች የሕፃን መቃብር ሊቆፍር ነበር።

«አልሞተችም አይደል? ተመስገን በያ!» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል። ከዚያ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «በቃ፣ ከከፋሽ ስምሽን ከኢሜይሉ እናወጣዋለን። የቸኮልን እናስገባለን። የዱራሜና የአንጋጫ ክሊኒኮች የዛሬውን አዲስ ፕሮግራም እየጠበቁ ነው። ካልደረሰላቸው ሌላ ጋ ይሄዳሉ። ያኔ ደሞዛችሁን ከየት ላምጣ?»

ቸኮል ቀና አለ።

ጣቢታ ተቀመጠች። ስሟን ማውጣት ቀላል ነው፤ ከወጣ እሷ ንጹሕ ናት፣ ነገ የሚጮህበት ሌላ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አማራት። ግን ዱራሜ ላይ ያለችው ነርስ የማንም ስም ቢጻፍበት ያው አምና ትወጋለች።

መጀመሪያ ማቆሚያውን መለሰች። ቀጥላ ለሁሉም ደንበኞች የሚሄደውን ኢሜይል ከፈተችና ጻፈች፦ «በቅርቡ የላክንላችሁ ፕሮግራም የሕሙማንን ካርድ ይደባልቃል። ተፈትሿል ያልናችሁ ውሸት ነው። እስክናስተካክለው በወረቀት ሥሩ።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ብለው አነበቡ። «አብደሻል? ስንት ለፍቼ ያገኘሁትን ደንበኛ! በእኔ ድርጅት ስም እንዲህ ያለ ነገር አይሄድም!»

«በእርስዎ ስም አይደለም» አለች።

ከታች «ጣቢታ ሳህሉ» የሚለውን እንዳለ ተወችና ላከችው።