ቁምሳጥን የሌለበት ደረጃ

አባቴ አናጢ ነበር። አናጢ ስላችሁ በርጩማ ሲጠግን የሚውል እንዳይመስላችሁ! እሱ የሠራው ቁምሳጥን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከነጎረቤቱ ገብቶ ሰርግ ቢደግስ ቦታ ይተርፋል። ያንን ተራራ ደንበኛው ቤት የምናደርሰው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እሱ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ደረጃውን የኋሊት እየወጣ ከላይ ይጎትታል፤ እኔ ከታች ዓለምን በደረቴ ደግፌ እገፋለሁ። አራተኛ ፎቅ ለእኛ ሳሎን ማለት ነበር።

ሰማንያ ሊሞላው ሲል ጉበቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ሐኪሟ ምስሉን እያሳየችን፣ «ዕጢው ባንድ ወገን ብቻ ነው፤ ቆርጬ ላወጣው እችላለሁ» አለች። «ዕድሜያቸው ብቻውን አያስፈራኝም። ልባቸውና ሳንባቸው ቀዶ ጥገናውን መቻላቸውን ግን ማየት አለብኝ።» ሌላው ምርመራ አልቆ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እሷ እያየችው ሁለት ፎቅ ሳያርፍ መውጣት። ካቃተው ዕጢው እዚያው ይቀራል።

«ሁለት ፎቅ?» ብዬ ሳቅሁ። «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ግማሹን ከተማ ተሸክሞ ሰማይ ያደረሰ ነው!»

«አንተ ደግሞ» አለ አባቴ፣ «በአፍህ የወጣኸው ፎቅ ቢደረደር ጨረቃን ያልፋል።»

ግን ጉራዬ ሳይሞቀው አልቀረም። ሐኪሟ የሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰክታለት «ይጀምሩ አባባ» ስትለው እንደ ጎረምሳ ተንደረደረ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሳይደርስ ትንፋሹ አጠረ፤ የደረጃውን መደገፊያ ሙጥኝ ብሎ ቆመ።

«ይበቃል አባባ» አለች ሐኪሟ በለሆሳስ። ያ «ይበቃል» ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። ክንዱን ይዤ ወደ ታች መለስሁትና የመጀመሪያው እርከን ላይ አስቀመጥሁት።

ተቀምጦ እስኪረጋጋ ጠበቅን። ከዚያ ተነሳና «አንድ ዕድል ስጪኝ ልጄ» አላት። «እኔ ዕድሜ ልኬን ደረጃን ፊት ለፊት ወጥቼ አላውቅም።» ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ያዝ!»

«ምኑን?»

«ቁምሳጥኑን ነዋ! ምን ታፈጣለህ?»

ባዶ እጄን ዘረጋሁ። የኋሊት የሚወጣ ሰው አይቸኩልም፤ እግሩ እርከኑን ዳብሶ ያገኛል፣ ይተነፍሳል፣ ይረግጣል። ሐኪሟ ክንዷን ከወገቡ ጀርባ አድርጋ ከጎኑ ትከተላለች።

«ከፍ አድርግ፣ ግድግዳውን ጫርከው!»

«አንተ ነህ እኮ የምታጣድፈኝ አባዬ!»

«እኔ? ድሮም ከታች ሆነህ የምትለግመው አንተ ነህ!»

ፊቱን በዚያ ርቀት ካየሁት ስንት ዘመኑ! ያኔ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን ነበር፤ ጆሮው ላይ የተሰካ እርሳስ፣ ጢሙ ላይ የተንጠለጠለች ላብ፣ ቫርኒሽና ኮላ የሚሸት ሸሚዝ፤ በየፎቁ በር ከፍተው «አይዟችሁ» የሚሉ ሴቶች። አሁን ጢሙ ነጭ ነው። ላቧ ግን ያችው፣ በቦታዋ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ቀስ ብለህ አውርድ» አለኝ። አወረድን። ሐኪሟ መለኪያውን አየች፤ አንገቱ ሥር የልብ ምቱን ዳሰሰች።

«የኋሊት የወጣ በሽተኛ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «ግን ወጥተዋል። ማክሰኞ ይተኛሉ፤ በማግስቱ እንሠራዎታለን።»

«የምትቆርጪው እንደጎደለ ይቀራል?»

«ጉበት መልሶ ያድጋል አባባ።»

«እንጨት እንዲህ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ይሄኔ ከብሬ ነበር።»

እኔ እርከኑ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ደክሞኝ ግን አይደለም። ስንቱን ተሸክሜያለሁ፤ እንደዚያ የከበደ ቁምሳጥን ግን አላጋጠመኝም።