«አቆዩኝ»

ኮርሳ ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ሲገባ የለቀስተኛው ሹክሹክታ ተቋረጠ። ጥቁር ኮቱን ቆልፎ፣ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ከናፍቆት ፊት ለፊት ተቀመጠ። «አሜን» አለች ናፍቆት። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ አይቻልም፤ እንጂማ በመለሰችው ነበር።

የሞተችው እናቷ ሙሉመቤት ናት። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኘው የኮርሳ ልብስ ስፌት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ የኖረች፣ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ነበረች። ለቀስተኛው ሁሉ በዚህ ጨዋነቷ ያመሰግናታል። የተጎዳችውም በዚሁ ነው።

አምና ከስፌት ቤቱ አንድ ጥቅል ጨርቅ ጠፋ ተባለ። ኮርሳ ሙሉመቤትን ዕቃ ቤት አስገብቶ «ጨርቁ እስኪገኝ ከዚህ ንቅንቅ የለም» አላት። በሩን አልቆለፈውም። ዘበኛ አቆመበትና፣ ከወጣች ሌባ ብሎ ሰፈሩን እንደሚጠራባት ነገራት። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ዋለች። ጨርቁ ለካ በስህተት ለሌላ ደንበኛ ተልኮ ኖሯል።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ስትሰጥ ታዲያ ምን አለች? «አቆዩኝ።» አሰሩኝ ማለት አፈረች፤ መታሰር ለእሷ የሌባ ነው። «አቆዩኝ» ግን ዘመድ ቤት ምሳ ካልበላህ አትሄድም የተባለ ሰውም የሚለው ቃል ነው። መርማሪው እንደተናገረችው ጻፈ። ዐቃቤ ሕጉም በሩ አልተቆለፈ፣ ሴትዮዋም ቆየሁ ነው የምትለው ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ጎረቤታቸው ሲሃም ጠበቃ ናት። ያኔ ሙሉመቤትን አስቀምጣ አስረዳቻት።

«የተዘጋው የወንጀሉ ነው፣ እትዬ ሙሉ። እሱ የመንግሥት ክስ ስለሆነ ጥርጣሬ ከገባበት ይወድቃል። የፍትሐ ብሔሩ ግን የእርስዎ ነው። ሥልጣን ሳይኖረው ሰውን እንዳይንቀሳቀስ የከለከለ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ይጠየቃል። የግድ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ማስፈራራትም ይበቃል።»

«ካሳው ይቅርብኝ» አለች ሙሉመቤት። «በግድ እንደያዘኝ፣ እንዳልሰረቅኩ፣ ይኼ ብቻ ይነገርልኝ።»

ከሰሰች። ፍርዱ ሳይሰጥ ግን የልብ ሕመሟ ቀደማት።

አሁን የእድሩ ዳኛ አቶ ፈየራ ወደ ናፍቆት ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ኮርሳ እርቅ ፈልጎ ነው የመጣው። እሷ ካረፈች ክሱ ለማን ይሆናል? ለቅሶ ቤት ቂም አይያዝም።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሲሃም ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ወራሿ አንቺ ነሽ። መቀጠልም መተውም ያንቺ ነው፣ ናፊ።»

እውነቱን ለመናገር ናፍቆት ደክሟታል። የፍርድ ቤት ምልልስ አንገፍግፏታል፤ እሺ ብላ ብትገላገል ደስ ባላት።

«እሺ ጋሼ ኮርሳ፣ ክሱን እተዋለሁ» አለች በዝግታ። «እዚህ ሰው ፊት ምን እንዳደረጓት ብቻ ይንገሩልኝ።»

ኮርሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ቀን እናትሽን... ትንሽ አቆይቻታለሁ።»

«መውጣት ትችል ነበር?»

«በሩ እኮ ክፍት ነበር።»

አቶ ፈየራ አንገታቸውን ደፉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ዕለት ማታ ሙሉመቤት ጓዳ ገብታ ቀሚሷን በድብቅ ስታጥብ ናፍቆት አይታታለች። ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት እንኳ እንዳላስወጧት ያኔ ገባት። ይህን ሙሉመቤት ለፖሊስም፣ ለሲሃምም፣ ለማንም አልተናገረችም። ናፍቆትም እናቷን ላለማሳፈር እንዳላየች ሆና አለፈችው። አሁን ያ ቀሚስ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም።

«ስለመጡ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ክሱ ይቀጥላል።»

ኮርሳ ግራ ቀኙን አይቶ የሚደግፈው ሲያጣ ተነሣ። ናፍቆትም ተነሥታ ቀድማው ሄደችና የድንኳኑን መጋረጃ ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ኮርሳ ጎንበስ ብሎ ወጣ። እሷ ግን መጋረጃውን አልለቀቀችም፤ ሌላ የሚወጣ ሰው ያለ ይመስል እንደያዘችው ቆመች።