ዘጠኝ ደሴቶች በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ

ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ሰባተኛዋን ደሴት እየቆረጠ ነበር። ትልቁ መቀስ በቡኒው የንድፍ ወረቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ድምፁን ብቻ ታዳምጣለች። መቀስ ጨርቅ ላይ ይነክሳል፤ ወረቀት ላይ ግን ያንሾካሹካል። ባሏ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ጨርቅ አልነካም። የሚቆርጠው ደሴት ብቻ ነው።

"ይቺ ደግሞ ቀጭን ናት" አለ። "ወገብ የሚባል አልፈጠረባትም።"

"እጅጌ በላታ።"

"እጅጌስ እጅጌ ናት። ክርኗ ላይ ግን እሳተ ገሞራ አለ።"

"ታዲያ ክርኗን እንዳትተኩሰው" አለች፤ እሱም ፈገግ አለ።

ነገሩ የጀመረው ሆስፒታል ነው። ተራ መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ነበር። እዚያ ላይ ነው ደሴቶቹን ያዩዋቸው፤ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል እሳት ከባሕር ሥር ገፍቶ ያወጣቸው ዘጠኝ ደሴቶች። ከሣር መሀል ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ላሞች አጠገቡ ቆመው ያመሰኳሉ። ተራራው አፉን ከፍቶ ሐይቅ ይዟል። ጥቁር ድንጋይ ላይ ነጭ ቤቶች ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር፣ ከዚያም ወዲያ ባሕር ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ሰዎች ባሉበት የሚስቱን እጅ ይዞ አያውቅም። ያን ቀን ያዘ።

"እዚያ እንሂድ" አላት።

"እሺ" አለችው። ትኩሳት ለያዘው ልጅ ጨረቃን አወርድልሃለሁ እንደሚባለው ዓይነት እሺ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እሱን አስወጥቶ እሷን አስቀራት። የልቡ አንዱ በር በደንብ አይዘጋም፤ በሚቀጥለው ወር ኦፕራሲዮን መደረግ አለበት አላት። እስከዚያ አይድከም እንጂ ቢንቀሳቀስ፣ ቢጓዝም ክፋት የለውም። "ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ ግን ግማሽ በግማሽ ነው፤ ልዋሽሽ አልችልም" አለ። ይህን የመጨረሻውን ለልጇ ብቻ ነገረች። ለባሏ ልትነግረው ስትል ግን ቃሉ ምላሷ ላይ ይመጣና ይመለሳል።

ስለዚህ ደሴት ሲያወራ አብራ አወራች። ልጃቸው ካርታ አመጣችለት፤ እሱም በዓይኑ እያሳደገ ንድፍ ያወጣ ጀመር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ የሱቁን ወለል አቋርጣ ገበሮቹ የተጠቀለሉበት መደርደሪያ ሥር ስትደርስ፣ ጉዞውን ያወሩታል። አንዷ ላይ ጠዋት ይነሳሉ፤ ሐይቁን ያዩታል፤ ምሳ ሌላዋ ላይ ነው፤ ሲመሻሽ ሦስተኛዋ ላይ እግራቸውን ሙቁ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ድልድይ ስትሻገር እንኳ ብረቱን ሳትይዝ የማትሄደው ሴትዮ የሱሪ ዳርቻ እያጠፈች፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ጀልባ ላይ ያለች ይመስላታል። የስፌት መኪናው ድምፅ የጀልባ ሞተር ይሆናል። ነጩ ክር ከኋላዋ እንደ አረፋ ይቀራል። ጨዋታ ነው እያለች፣ ጨዋታው እሷንም ይዟት ሄደ።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰባተኛዋ ተቆርጣ እንዳለቀች፣ ልጃቸው ገባች። የጉዞ ትኬት ቢሮ ትሠራለች። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ አባቷ ግን አሁንም ሚጣ ይላታል።

"ሚጣ፣ ነይ እይ! ሁለት ነው የቀረኝ።"

ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ደሴቶቹ የአንዷ ጉብታ በሌላዋ ጎድጓዳ እየገባ፣ ምላጭ እንኳ በመሀላቸው እንዳያልፍ ሆነው ተደርድረዋል።

"አባዬ፣ ምን ነካቸው? ማን ሰፋቸው?"

"ምን ሆኑ?"

"ባሕሩስ? ባሕሩ የታለ?"

ሰፊው ጠረጴዛውን አየ። ሚስቱም ተነስታ አየች። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ላይ ንድፍ ሲያሰፍር የኖረ እጅ ነው፤ ኪሱን ብብት ሥር፣ ኮሌታውን በሁለት እግር መሀል እየሸጎጠ፣ ጣት የምታህል ጨርቅ ሳያባክን። ደሴቶቹንም ሳያስበው እንደዚያው አድርጓቸዋል። እሷም አጠገቡ ቆማ ስታይ ከርማ፣ አሰፋፈሩ ስላማራት ምንም አልታያትም ነበር።

"ባሕሩ ትርፍ ነው" አለ በመጨረሻ። "ቆርጬ ጣልኩት።"

ሚጣ ፍርፍር ብላ ሳቀች። "ለካ ለዚህ ነው በአንድ ቀን ሦስት ደሴት ስትሉኝ የከረማችሁት! እኔ እኮ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚህችኛዋ እዚያችኛዋ በመርከብ አምስት ሰዓት ነው፣ አባዬ።"

"አምስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ላይ?" አለች እናትየው።

ሰፊውም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን አቆሙ።

"በይ እንግዲህ" አለ ላቡን ጠርጎ፣ "ባሕሩን መልሺው።"

እሱ የቀሩትን ሁለቱን ሲቆርጥ፣ ሚጣ ካርታውን እያየች ደሴቶቹን ታራርቃቸው ጀመር። ጠረጴዛው አልበቃም። ሁለት ደሴቶች ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ሄዱ። ሦስቱ ወለሉ ላይ ወረዱ። እጅጌ የመሰለችው ደሴት የደንበኛ መጠበቂያ ወንበር ላይ ረጅም ሆና ተጋደመች። የመጨረሻዋ፣ ከመዳፍ የማትበልጠው፣ እስከ መስኮቱ ደፍ ደረሰች። ሱቁ ድንገት ሰፋ። የሚያውቁት ወለል፣ ስፒልና ክር የሚለቀምበት ወለል፣ ጥልቅ ሆነ። እናትየው ሻይ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ በሩ ደፍ ላይ ቆም አለች፤ ከዚያ ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ በደሴቶቹ መሀል አለፈች።

"ጀልባዋ መጣች!" አለ ባሏ።

"ዝም በል፣ ሻዩ ይናወጣል።"

ጎረቤታቸው ፀጉር ቆራጩ የሰጠውን ሱሪ ሊወስድ በሩን ከፈተ።

"እንዳትረግጥ!" ብለው ሦስቱም ጮኹበት።

አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ። "ምንድነው? መስታወት ተሰበረ?"

"ባሕር ነው" አለ ሰፊው።

ፀጉር ቆራጩ ወለሉን፣ ከዚያ ሰዎቹን አየ። "ጋሼ፣ እኔ ዋና አልችልም። ሱሪዬን ወርውሩልኝ።"

ወረወሩለት። በአየር ላይ ቀልቦ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

ሰፊው ሻዩን ይዞ መስኮቱ አጠገብ፣ ትንሿ ደሴት ጋ ተቀመጠ። ፀሐይ ወረቀቷን ወርቃማ አድርጋታለች። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና፣ "እዚህ የደረሰ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል?" አለ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

ሚጣ እናቷን አየቻት። "እኔም የመጣሁት በዚሁ ነገር ነው" አለች። "ወቅቱ ባሕሩ የሚቆጣበት ነው። በደሴቶቹ መሀል የሚመላለሱት ጀልባዎች ከሞላ ጎደል ቆመዋል። አሁን ከሄዳችሁ አንዷን ብቻ ነው የምታዩት። ዘጠኙንም ካላችሁ ግን የዚያ አገር በጋ እስኪገባ መጠበቅ ነው።"

"እንጠብቃለን" አለ አባቷ ወዲያው። "ኦፕራሲዮኑ ያልቃል፣ እኔም ነፍስ እዘራለሁ፣ ዘጠኙንም በአንድ ጊዜ እናዳርሳለን። እጅጌ ብቻ ለብሶ የሚወጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሚስቱ ተመልሳ ማጠፍ የጀመረችውን የሌላ ደንበኛ ሱሪ ዳርቻ ይዛ ቀረች። መርፌዋ ቆመ። ሐኪሙ በዚያች ጠባብ ክፍል የነገራት ነገር እንደገና ምላሷ ላይ መጣ። ብትናገረው በጋው እዚህ ወለል ላይ፣ በወረቀቶቹ መሀል ይሞታል። ዝም ብትል ደግሞ ማን ያውቃል፣ ቀሪው ይህ ወለል ብቻ ሊሆን ነው። ሚጣ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ገበር ታስተካክላለች፤ ገበሩ ግን የተስተካከለ ነበር።

"አንተ ሰውዬ" አለችው።

"አቤት፣ እመቤቴ።"

"ሰው መስታወት ፊት አቁመህ ሳትሞክርለት የጨረስከው ሱፍ አለ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንዱን እጅጌ በነጭ ክር ያዝ ያዝ አድርገህ ሳታሳየው፣ ሁለተኛውን ሰፍተህ ታውቃለህ?"

"እንዴት ተደርጎ! ይጣመማል እንጂ።"

"ይጣመማላ። እኔ ውሃ የምፈራ ሰው ነኝ። ዘጠኝ ደሴት ቆርጠህ ካዘጋጀህ በኋላ ጀልባው ላይ ወጥቼ ኡኡ ብልስ? መጀመሪያ በአንዷ ሞክረኝ። ልክ ከሆነች ስምንቱን በበጋ ትሰፋቸዋለህ።"

ሰፊው ሻዩን አስቀመጠና ረጅም ጊዜ አያት። ልብስ ሰፊ ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስብ ሰው ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ሆድህን ልቀቅ አይለውም፤ ሜትሩን ላላ አድርጎ ይይዝለታል እንጂ።

"ዝናብ ቢሆንስ?" አለ ዝግ ብሎ።

"እዚህስ ቢሆን አይዘንብም እንዴ?"

"እውነት ነው።" ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። "በይ ምረጪ። ልብሱ የሚሞከረው አንቺ ላይ ነው።"

ትልቋ ደሴት ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ አውሮፕላን ደጇ ድረስ የሚያርፍባት፣ መንገዷም ሆቴሏም የተመቸ። ሚጣ እሷን ነካ አደረገችላት። እናትየው አለፈቻት። በመተኮሻው በኩል ዞራ፣ ወለሉን ተሻግራ፣ ባሏ አጠገብ ቆመችና መስኮቱ ደፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ይቺን።"

"እማዬ፣ እሷ ጋ ከአውሮፕላን ወርዶ ጀልባ አለው እኮ። ፖስታ ስለምታደርስ ብቻ ያልቆመች፣ ትንሽ፣ የምትናጥ ጀልባ።"

"ሰምቻለሁ። ስልክሽን አውጪና ሁለት ሰው በያቸው።"

በተከታዩ ሳምንት ሄዱ። ከጥቂት ቀን በስተቀር ዘነበ፤ ጀልባዋ ላይ እሷ አልጮኸችም፣ ያስመለሰው እሱ ነው። ኦፕራሲዮኑ ከተመለሱ በኋላ ተደረገ፤ ሰፊው ከዚያ አልነቃም። ሱቁ አሁንም ክፍት ነው። ሚስቱ ቁልፍ ትተክላለች፣ ዳርቻ ታጥፋለች፤ አዲስ ልብስ የመስፋት ሥራ ግን አትቀበልም።